ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ማክሰኞ ማታ ማታ፣ ከግሪምስቢ ወደብ ጀርባ፣
ከሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ሥር አሥራ አንድ ሰው ሲገባ፣
ከነጓንቱ ሽታ፣ ከነዓሣው ቅርፊት፣
ሰሌዳዬን ወልውዬ እቆማለሁ ፊት ለፊት።

እኔ ሂልዳ ሙምቢ፣ ጡረታ የወጣሁ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ፤
ያን ምሽት ትምህርቱ ተገብሮ ነበረ፣
በረዳት ግሥ ታዝሎ፣ አድራጊው የቀረ።

«‘ማስት ቢ’ ስትሉ» አልኩ፣ «ያ ማለት ግዴታ፤
‘ሜይ ቢ’ ግን ምናልባት ነው፣ የጨዋ ማመንታታት፣ የይሁንታ፤
‘ሹድ ሃቭ ቢን’ ደግሞ፣ ልጆቼ፣ ጊዜው ካለፈ ነው፤
መደረግ የነበረበት፣ ሳይደረግ የቀረው።»

ምሳሌ አላጣሁም፤ ፋብሪካቸው ሙሉ ነው፣
ከየግድግዳው ላይ እነሱው የገለበጡልኝ ነው፦
እጅ መታጠብ አለበት።
በሩ መዘጋት አለበት።
ስልክ ሊወረስ ይችላል።
ሰዓት ሊቀነስ ይችላል።
ወራሹ ማን፣ ቀናሹስ ማን? እሱ አይነገርም፤
ግድግዳ አፍ አውጥቶ ስም ሲጠራ አልሰማንም።

ከኋላ ዳንጉኦለ ነበረች፣ የሊቱዌኒያዋ፣
ከሹራቧ ኪስ የማይወጣ ግራ እጅዋ፤
ሁለት ጣት ወስዶባታል የዓሣ መሰንጠቂያው፣
ከፋሲካ ጀምሮ ክዳኑ እንደተሰበረ ያለው።

እኔ ግን ለሷ ብዬ አልነበረም፤ ከመጽሐፉ ላይ ገልብጬ ነው፦
ማሽኑ መጠገን ነበረበት።
ጠመኔው ከጣቴ ሳይራገፍ ያ እጅ ከኪስ ወጣ፣
ሦስት ጣት ብቻ ሆኖ፣ ወደ ጣሪያው።
«በማን?» አለች።

«አድራጊው ካልታወቀ» አልኩ፣ «ወይም ካላስፈለገ፣
‘በእገሌ’ የሚለው ይቀራል፤ ሕጉ እንዲህ ደነገገ።»
«ይታወቃል» አለች። «ያስፈልጋልም።»
ዝቢግኔቭ መጀመሪያ ሳቀ፣ አልቆየበትም።
የማሞቂያው ቧንቧ ብቻ አንቋቋ።

ታኅሣሥ ላይ ፈተና፦ ወደ ተገብሮ ለውጡ።
አሥሩ አቀርቅረው፣ ምላሳቸውን እያወጡ፣
ባለቤቱን ከፊት አንሥተው ከኋላ ሲጥሉ፣
ወይ ጨርሰው ሲያስቀሩት፣ እንዳስተማርኳቸው ሁሉ፣
እሷ ሰባቱንም ጥያቄ በአንድ መልስ ዘጋችው፤
እርሳሱን ተጭና፣ ወረቀቱን እስኪያልፍ ጻፈችው፦
ሚስተር ፔትቸል ማሽኑን መጠገን ነበረበት።

በመልስ መስጫው መሠረት፣ ዜሮ ሊሰጣት ይገባል።

ቤቴ፣ ከመሳቢያው ውስጥ፣ ከመብራት ደረሰኞች በታች፣
አንዲት ደብዳቤ አለች፣ ሠላሳ ሦስት ክረምት ያደረች፤
ከመርከብ ኩባንያው፣ በታይፕ፣ ፊርማዋ ማኅተም ብቻ፣
ክሊፎርድ ከአይስላንድ ወዲያ በቀረ በወሩ መባቻ፦

«መርከቧ እንደ ሰጠመች ሊቆጠር ይገባል።
በነበረው የበረዶ ክምር፣ ጉዞው ሊዘገይ ይችል ነበር ይባላል።
ራዲዮው መፈተሽ ነበረበት።
ማንም ሊወቀስ አይችልም ለዚህ ጥፋት።»

እንዴት ያለ ሰዋስው! አንድ ግድፈት የለው።
በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ያነበብኩት እንደ መምህር ነው፤
እያለቀስኩ አደነቅሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
ስሙን አጥፍቼ፣ ሁለት ጊዜ ክፍል ውስጥ ምሳሌ ሆነኝ።

ያ ደብዳቤ ባለቤት የለውም።
እኔም ከዚያ ጥር ወዲህ ባለቤት የለኝም።

ቀይ ብዕር ያነሣሁት የዳንጉኦለን ወረቀት ላርም ነበር፤
እጄ ግን ሄዶ ሄዶ እዚያኛው ላይ ሰፈረ።
ከ«መፈተሽ ነበረበት» ጎን፣ በኅዳጉ፣ እንደ ተማሪ ስህተት፣
«በማን?» ብዬ ጻፍኩበት።
ከ«ሊዘገይ ይችል ነበር» ጎን ደግሞ፣ እንደገና፦ በማን?
ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው፣ ሁለተኛው «ማን» ላይ።

የልጅቷን ማርክ እስካሁን አልጻፍኩም።
መሽቷል። ድመቷ በር ላይ ትጮኻለች።
መመገብ ነበረባት።
እኔ ነኝ ያልመገብኳት።